ድንቹን ያበሰበሰው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1845 መከር የአይርላንድ ገበሬዎች ድንቻቸውን ነቅለው፣ እንደ ልማዳቸው ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ከመሩትና በገለባና በአፈር ሸፈኑት። በዚያ ዓመት ቅጠሉ በድንገት ጠቁሮ ቢረግፍም ከመሬት ከወጣው ፍሬ ብዙው ለዓይን ጤነኛ ነበር፤ ተስፋቸውም እሱ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉድጓዱን ሲከፍቱ ያገኙት ግን እጅ ሲነካው የሚፈርጥ፣ ሽታው ከሩቅ የሚሰነፍጥ ጥቁር ዝቃጭ ነው። በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃብ ባመጣው በሽታ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

የትምህርት ቤት መጽሐፍ ለዚህ ሁሉ አንድ ተጠያቂ ያቀርባል፤ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚባለውን ሻጋታ መሰል ተሕዋሲ። ማሳውን የገደለው እሱ መሆኑ አያጠራጥርም። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን በዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ በቴክኒሻንነት፣ አብዛኛውንም ከበሰበሰ ድንች ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ስለ ጉድጓዱ የሚነገረው አይዋጥልኝም። ይህ ተሕዋሲ ብቻውን ድንችን አያቀልጥም፣ አያገማም። የሚሠራው ከልጣጩ ሥር ቡናማ፣ ደረቅ ያለ፣ ጠንካራ ጠባሳ ነው። በእሱ ብቻ የታመመ ድንች ደረቅና ነፋሻ ቦታ ቢቀመጥ ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ወደ ዝቃጭ የለወጡት ከኋላ የመጡት ናቸው፤ በልጣጩ ላይና በተጣበቀበት አፈር ውስጥ ዝም ብለው ቆይተው፣ ቁስሉ በር ሲከፍትላቸው የገቡ ባክቴሪያዎች። የዚያ ሕዝብ የክረምት ቀለብ የጠፋው በሁለት እጅ ሆኖ ሳለ ታሪክ የመዘገበው አንዱን ብቻ ነው። እኔ ልናገር የምፈልገው ስለ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ ያን ጊዜም አከራክሯል። የዕፅዋት ሊቁና የለንደኑ የአትክልተኞች ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ጆን ሊንድሊ፣ ዘመኑ ብርድና ዝናብ ስለበዛበት ተክሉ ከሚችለው በላይ ውኃ ጠጥቶ በሰበሰ አለ። በእንግሊዝ ገጠር የሚያገለግል ማይልስ በርክሌይ የተባለ ቄስ ደግሞ የታመመውን ቅጠል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ከርሞ፣ ሻጋታው የበሽታው መነሻ እንጂ ተከታዩ አይደለም ብሎ በ1846 ጻፈ። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1861 ሻጋታውን በጤነኛ ተክል ላይ ዘርቶ በማሳየት የቄሱን ቃል አጸና። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚተረከው በበርክሌይ አሸናፊነት ነው፤ ስለ ማሳው ከሆነ ፍርዱ ትክክል ነው። ስለ ጉድጓዱ ከሆነ ግን ሊንድሊ ውኃን መጠርጠሩ ከንቱ አልነበረም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል በ1845 ጥቅምት ላይ ሊንድሊንና ኬሚስቱን ላየን ፕሌይፌርን ወደ ደብሊን ላከ፤ እዚያ አይርላንዳዊው ኬሚስት ሮበርት ኬን ተቀላቀላቸው። ይህ ኮሚሽን ለገበሬው ያሳተመውን ምክር ሳስበው ያሳዝነኛል። ድንቹን በደረቅ ቀን ንቀሉ፣ አናፍሱት፣ አየር የሚያስገባ ጉድጓድ በዚህ በዚህ መንገድ ሥሩ ይላል። የበሰበሰውን ደግሞ ፈቅፍቁት፣ በውኃ እጠቡት፣ አጥልሉት፤ ከሥር የሚዘቅጠውን ነጭ ስታርች አድርቃችሁ ከዱቄት ጋር ለውሳችሁ ጋግሩት። ከድስትና ከአካፋ በቀር ብዙም ዕቃ ለሌለው፣ ልጆቹ ለተራቡበት ሰው ይህ ሁሉ የማይሆን ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ በምክሩ ውስጥ አንድ ትልቅ እውነት ነበር። ድንች በስብሶ ሲፈርጥ ስታርቹ አብሮ አይጠፋም፤ ውኃ ቢጨመርበት ነጭ ሆኖ ከሥር ይቀመጣል። ታዲያ ምግቡ ካልተበላ የፈረሰው ምንድን ነው? የበርሊኑ ኬሚስት አይልሃርድ ሚቸርሊህ በ1850 ይህንኑ ተመለከተ። ከበሰበሰ ድንች የወጣ ፈሳሽ በጤነኛ ቁራጭ ላይ ሲጨመር የቁራጩ ሕዋሳት እርስ በርስ እየተላቀቁ ይበተናሉ፤ በውስጣቸው ያለው ስታርች ግን ሳይነካ ይቀራል። በፈሳሹ ውስጥ የሚርመሰመሱ ረቂቅ ፍጥረታትንም አይቶ ሥራው የእነሱ ነው አለ። ያን ጊዜ ፓስተር ስለ እርሾ ገና አልጻፈም፤ ባክቴሪያ በሽታ ያመጣል የሚል ሰውም በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1879 ደግሞ ራይንከና በርቶልድ የተባሉ ሁለት የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለ ድንች መበስበስ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተሙ፤ እርጥቡ ብስባሴ የባክቴሪያ ሥራ መሆኑን ከሻጋታው ለይተው አስቀመጡ። መጽሐፉን ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

የሚያስደንቀኝ፣ በዚያው ዘመን ድንች ከሕመምተኛነት ወደ መመርመሪያ ዕቃነት መሸጋገሩ ነው። ከዚያ በፊት ሊቃውንት ባክቴሪያን የሚያሳድጉት በሾርባ ነበር። በሾርባ ውስጥ ዐሥር ዓይነት ቢኖር ዐሥሩም ተደባልቆ ይበጠበጣል፤ የትኛው ምን እንደሚሠራ መለየት አይቻልም። በብሬስላው፣ ዛሬ ቭሮትስዋፍ በምትባለው የፖላንድ ከተማ፣ በፈርዲናንድ ኮን ቤተ ሙከራ የሚሠራው ዮሴፍ ሽሮተር በተቆረጠ ድንች ላይ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ማደጋቸውን ተከታተለ፤ በ1872ም ያየውን አሳተመ። ቀዩን ወስዶ በአዲስ ቁራጭ ላይ ቢያደርገው ቀይ ሆኖ ይበቅላል፤ ቢጫውም ቢጫ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ዘሩን የጠበቀ ነበር።

ሮበርት ኮክ ይህን ወደ ጥበብ ለወጠው። በ1881 በበርሊኑ የንጉሠ ነገሥቱ የጤና መሥሪያ ቤት ሳለ ያሳተመው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ድንቹ ከነልጣጩ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ በእሳት በተለበለበ ቢላ ለሁለት ይቆረጣል፤ ከዚያ እርጥበት ባለው የመስታወት ክዳን ሥር ይቀመጣል። ክዳኑ ለጥቂት ጊዜ ተነሥቶ የክፍሉ አየር ቢነካው፣ በቀናት ውስጥ በቁራጩ ፊት ላይ የተለያየ ቀለምና ቅርጽ ያላቸው ጠብታዎች ይታያሉ። ጠብታው ከአንድ ባክቴሪያ የተባዛ አንድ ዘር ነው፤ ፊቱ ጠጣር ስለሆነ ከጎረቤቱ ጋር አይደባለቅም። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ፣ ጄላቲኑም፣ ፋኒ ሄሰ የተባለች የአንድ ተመራማሪ ሚስት ከወጥ ቤቷ ያመጣችው አጋርም፣ ሪቻርድ ፔትሪ በ1887 ያስተዋወቀው ክብ ሳህንም፣ የዚያ የድንች ቁራጭ ተተኪ ነው።

በእኛም ላቦራቶሪ ድንች ከምድጃ ወርዶ አያውቅም ነበር። ለሻጋታ ማሳደጊያ 200 ግራም ድንች ተቆራርጦ ይቀቀላል፤ ውኃው ይጠለላል፤ 20 ግራም የዴክስትሮስ ስኳርና አጋር ተጨምሮበት እስከ አንድ ሊትር ይሞላል። ጠዋት ኮሪደሩ ሁሉ የተቀቀለ ድንች ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ገበሬዎች በፌስታል ቋጥረው ያመጡት የበሰበሰ ድንች ይከፈትና ሽታው ይለወጣል።

እንግዲህ የልቤን ልናገር። ይህ የኮክ ዘዴ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ኮሌራም ሳንባ ነቀርሳም በዚህ የአስተሳሰብ መንገድ ታወቁ። ግን መለያየትን ያስተማረን መሣሪያ አብሮ መኖርን እንዳናይ አደረገን። ሥልጠናችን እንዲህ ነበር፦ ከብስባሴው ጫፍ በመርፌ ትወስጃለሽ፣ በሳህን ላይ ታሰምሪያለሽ፣ ከሚበቅሉት ብዙ ዓይነት ጠብታዎች አንዱን ትመርጫለሽ። የተቀረው «ብክለት» ተብሎ ይጣላል። የሚጣለው እኮ ድንቹ ውስጥ ከነበረው አብዛኛው ነው። አንድ በሽታ፣ አንድ ተሕዋሲ የሚለው ሕግ ለአባሰንጋ በደንብ ይሠራል፤ ለበሰበሰ ድንች ግን የታሪኩን መጀመሪያ ብቻ ነው የሚነግረን።

መጀመሪያው ራሱ ግን ተጋድሎ ጠይቋል። የላይፕሲጉ አልፍሬድ ፊሸር፣ ጤነኛ ተክል ዝግ ስለሆነ ባክቴሪያ ሊገባበትና ሊያሳምመው አይችልም ብሎ ሲጽፍ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባልደረባ የነበረው ኧርዊን ስሚዝ ከ1897 እስከ 1901 በጽሑፍ ሞገተው። ስሚዝ በ1896 ድንችን፣ ቲማቲምንና ደበርጃንን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ለይቶ ስም ሰጥቶታልና የሚናገረውን ያውቅ ነበር። በ1901 በቨርሞንት ግዛት የሚሠራው ሉዊስ ራልፍ ጆንስ ካሮትን የሚያቀልጠውን ባክቴሪያ ለየ፤ ዛሬ ፔክቶባክቴሪየም ከሚባሉት፣ ድንችንም ከሚያቀልጡት ወገን ነው። ጆንስ በ1909 ደግሞ የሚቸርሊህን እንቆቅልሽ ፈታው። ባክቴሪያው ኢንዛይም ያመነጫል፤ ኢንዛይሙ የሚያሟሟው ሕዋስን ከሕዋስ ጋር ያጣበቀውን ፔክቲን ነው። ግንቡ ሲፈታ ድንቹ ይፈርጣል፤ ስታርቹ ሳይበላ ይቀራል። የደብሊኑ ኮሚሽን ገበሬውን ፈቅፍቅና እጠብ ያለበት ምክር የሚሠራው በዚህ ምክንያት መሆኑ የታወቀው ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ። ድንች ከተነቀለ በኋላም ይተነፍሳል። በልጣጩ ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ነጥቦች መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ናቸው። ስስ የውኃ ሽፋን ልጣጩን ሁሉ ከሸፈነው አየር መግባቱ ይቋረጣል፤ ክፍሉ ሞቅ ያለ ከሆነ የድንቹ መሐል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኦክስጅን ያልቅበታል። ድንች ቁስሉን በቡሽ መሰል ሽፋን የሚዘጋው፣ መከላከያውን የሚያመርተው በኦክስጅን ነው። ሲታፈን መከላከል ያቆማል። በስኮትላንድ ሚሸል ፔሮምበሎን የተባለ ተመራማሪ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተከተለው ይህንን ነው። ካረጋገጣቸው ነገሮች አንዱን እስከ ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እደግመዋለሁ፤ አቅላጩ ባክቴሪያ በጤነኛ ድንች መተንፈሻ ቀዳዳዎች ውስጥም አለ። ከየትም አልመጣም። ድንቹ እየተነፈሰ እስካለ ድረስ ምንም አያደርግም።

ከታፈነ በኋላ የሚሆነው ተራ ጠብቆ የሚሄድ ነው። አየር ቢኖርም ባይኖርም መኖር የሚችሉት ፔክቶባክቴሪየሞች ይቀድማሉ፤ ፔክቲኑን ያሟሙታል። በዚህ ጊዜ የቀለጠው ሥጋ ነጭ ወይም ገርጣ ያለ ነው፤ ሽታውም ብዙ አይደለም። ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ ግን ገና የጀመረ ብስባሴ አይገማም። የቀረችውን ኦክስጅን እነሱ ሲጨርሷት፣ በአፈር ውስጥ በዘር መልክ ተኝተው ዓመታት የሚቆዩት ክሎስትሪዲየሞች ይነቃሉ። እነዚህ አየር የማይወዱ ናቸው፤ ከነሱም ፔክቲን የሚያሟሙ፣ ስታርች የሚበሉም አሉ፤ የሚያመነጩት ቡቲሪክ አሲድ ነው አፍንጫ የሚያስይዘው። ከብስባሴው ዳር፣ አየር በሚደርስበት በኩል፣ ሱዶሞናስና ባሲለስ የሚባሉት ይሰፍራሉ። ዝንብ ይመጣል፤ በእግሩ ይዞት ወደሚቀጥለው ድንች ይሄዳል። ፈሳሹ ወደታች ሲንጠባጠብ ከሥሩ ያለው ይረጥባል፣ ይታፈናል። የ1845ቱ ጉድጓድ በገለባና በአፈር ታፍኖ፣ ሻጋታው በከፈታቸው ቁስሎች ተሞልቶ ለዚህ ሁሉ የተመቻቸ ቦታ ነበር። ሊንድሊ ስለ ውኃ ያለው በማሳው ሳይሆን እዚህ ነበር የሚሠራው።

አፈሩስ? አፈር ለረጅም ጊዜ በዕፅዋት ሐኪሞች ዘንድ የጠላት መደበቂያ ተደርጎ ነው የታየው። የሙኒኩ ሎሬንዝ ሂልትነር በ1904 በሥር ዙሪያ ያለችው ስስ የአፈር ክልል ከሌላው አፈር የተለየ፣ ሥሩ በሚያንጠባጥበው ነገር የሚመገብ የባክቴሪያ መንደር እንዳላት አስረዳ፤ ተክሉ የሚታመመውም የሚድነውም እዚያ ባሉት ጎረቤቶች ነው አለ። በ1959 ደግሞ ሜንዚስ የተባለ አሜሪካዊ የድንች እከክን ሲያጠና፣ በመስኖ ለብዙ ዓመታት የታረሱ አንዳንድ ማሳዎች ላይ እከኩ ሊይዝ አለመቻሉን አየ። ከዚያ አፈር ጥቂት ወስዶ በሽታ ካለበት አፈር ጋር ሲቀላቅለው መከላከሉ ተላለፈ፤ አፈሩ በሙቀት ሲጠበስ ግን ጠፋ። የሚከላከለው ሕይወት ያለው ነገር ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስደምመኝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው ነው። ፔክቶባክቴሪየም ጥቂት ሆኖ ሳለ ኢንዛይሙን አይለቅም፤ ቢለቅ ድንቹ ነቅቶ ይከላከላልና። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ያወጣል፤ ምልክቱ በዙሪያው ሲበዛ ብዛታቸው እንደደረሰ ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ይለቃሉ። በ2000 ደግሞ ከአፈር የተገኘ አንድ ባሲለስ ይህን ምልክት የሚቆራርጥ ኢንዛይም እንዳለው ታወቀ። ያ ኢንዛይም ባለበት አቅላጮቹ እርስ በርስ መሰማማት ያቅታቸዋል፤ ብስባሴው ይደክማል። እኛ «ብክለት» ብለን በየቀኑ ከምንጥለው መካከል እንዲህ ያለ ጎረቤት ይኖር ነበር። ዛሬ ባክቴሪያን ሳያሳድጉ፣ ከድንቹና ከአፈሩ በቀጥታ የዘር ቅንጣቱን አንብቦ በውስጡ ማን ማን እንዳለ መዘርዘር ይቻላል። ካርል ዎስ በ1977 በዚያ ቅንጣት የፍጥረታትን ዝምድና ማንበብ ባይጀምር ይህ አይደረስበትም ነበር።

ድንች ሲበሰብስ ሁልጊዜ ይጠፋል ማለትም አይደለም። ድንች በተወለደበት በፔሩ ተራሮች ቶኮሽ የሚባል ጥንታዊ ምግብ አለ። ሰዎች ሆን ብለው ድንቹን ወራጅ ውኃ አጠገብ በተቆፈረ፣ ኢቹ በተባለ ሣር በተለበደ ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ውኃው እያለፈበት ወራት ይቆያል። ሽታው ብርቱ ነው፤ ግን አጥሚት ይሠሩበታል፣ ለታመመ ሰውም ይሰጡታል። እዚያ የበላይነቱን የሚይዙት እርጎን የሚያረጉት ዓይነት፣ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቆጮ ተቀብሮ ሲብላላ ያየ የጉራጌና የሲዳማ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያው ጉድጓድ፣ ያው እርጥበት፤ አሠራሩ የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንዲቀድሙ እንዳደረገ ነው ልዩነቱ።

ወደ አገራችን ድንች የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በጆርጅ ዊልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይጻፋል። ሺምፐር በትግራይ ለዓመታት ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈ ሰው ነው። ለብዙ ጊዜ ድንቹን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። በደጋው በስፋት የተያዘው ከ1881 እስከ 1885 ዓ.ም. በዘለቀው በክፉ ቀን ዘመን አካባቢ ነው ይባላል። ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ በሬ ላጣ ገበሬ፣ በዶማ ቆፍሮ ሊተክለውና በሦስት በአራት ወር ሊበላው የሚችል ሰብል መሆኑን ሳስብ ነገሩ አይገርመኝም። አይርላንድን በረሃብ የጣለ ሰብል እኛን ከረሃብ ለማውጣት ደረሰ።

የአዊ ደጋ ልጅ ነኝ። እናቴ ድንቹን ሁሉ በአንዴ አትነቅልም ነበር፤ ለዕለት የሚበቃትን ብቻ በእጇ እየፈለፈለች ታወጣለች፤ የቀረው አፈር ውስጥ ይቆያል። የዘሩን ደግሞ በቤቱ ውስጥ ቆጥ ላይ ትበትነዋለች እንጂ አትከምረውም። ጉድጓድም ከረጢትም አታውቅም። በደጋው ብዙ ገበሬ ዛሬም ድንቹን ሳይነቅል ማሳ ላይ ያቆየዋል። አፈሩ የሚያጠፈጥፍና ተዳፋት ከሆነ ጥሩ መጋዘን ነው። ድንገተኛ ዝናብ ቢደርስና ውኃ ቢተኛበት ግን ሁሉም በአንድ ሳምንት ሊሄድ ይችላል። በክረምት የሚተከለውን ያው የአይርላንዱ ቅጠል አጥፊ ስለሚመታው፣ ብዙ ሰው ወደ በልግና ወደ መስኖ ዞሯል።

በሥራዬ ዘመን ያየሁት ትልቁ ለውጥ የመኪናው ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ በማዳበሪያ ከረጢት የበሰበሰ ድንች ተሸክመው ላቦራቶሪያችን መጡ።

«ልጄ፣ መድኃኒቱን ስጪኝና ልሂድ» አሉኝ።

«አባባ፣ ሲነቀል አፈሩ ደረቅ ነበር?»

«ምን ደረቅ! ዝናቡ እየወረደ ነው የነቀልነው። አይሱዙው ቆሞ ሲጠብቅ ደላላው ካልጫናችሁ እሄዳለሁ አለን።»

ጭነቱ በከረጢት ታሽጎ፣ በሸራ ተሸፍኖ አዲስ አበባ ገባ፤ ነጋዴው ግማሹን መለሰባቸው። እሳቸው ይዘውት የመጡት ከዚያ የተመለሰው ነው። የሸራው ሥር የ1845ቱ ጉድጓድ ነበር፤ ውኃ፣ ሙቀት፣ መታፈን፣ በዶማ የቆሰለ ልጣጭ። ለዚህ የሚረጭ መድኃኒት የለም። አዛውንቱም ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «እና ደላላውን ነው መድኃኒት የምረጭበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም ከመጽሐፍ አላገኘሁለትም፤ ምክንያቱም ገበሬው ድንቹን አድርቆ የሚያሳድርበት መጠለያ ቢኖረው ከደላላው ጋር የሚነጋገረው በሌላ ጉልበት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ለይቼ ልናገር። ስሚዝ በ1896 ስም የሰጠው አጠውላጊ ባክቴሪያ ከእነዚህ ይለያል፤ እሱ እውነተኛ ጠላት ነው፤ በማናፈስ ብቻ አይመለስም። ራልስቶኒያ ይባላል፤ በዘር ድንች ውስጥ ተደብቆ ከወረዳ ወደ ወረዳ ይሄዳል። በድንቹ ዓይን ላይ አፈር ተጣብቆ እንቢ ካለ፣ ሲቆረጥም ከውስጡ ክብ መሥመር ወተት መሰል ነገር ከወጣ ለዘር አይሁን። ግንዱን ቆርጦ ጥርት ያለ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው፤ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ እሱ ነው። ይህንን ማንም ገበሬ በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ለዘር የሚሆነውን ብርሃንና ነፋስ በየጎኑ በሚገባበት የእንጨት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥን ደግሞ በሊማ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከልና የእኛው ተመራማሪዎች ሲያስፋፉት ኖረዋል። የእናቴ ቆጥ ከዚያ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ወደ ላቦራቶሪ ናሙና ሲመጣ የሚሞላ ቅጽ አለ። የገበሬው ስም፣ ቀበሌ፣ የድንቹ ዝርያ፣ ጃለኔ ይሁን ጉደኔ ወይም በለጠ፣ የተጠረጠረው በሽታ። እኔ ስለ ውኃው የሚጠይቅ ረድፍ እንዲጨመርበት እፈልጋለሁ። ሲነቀል ዘንቦ ነበር? ማሳው ላይ ውኃ ይተኛል? ስንት ሌሊት በሸራ ሥር አደረ? ባለፈው ዓመት በዚያው መሬት ላይ ምን ተዘርቶ ነበር? ከድንቹም ጋር ከሥሩ የተወሰደ አንድ እፍኝ አፈር በሌላ ከረጢት ይምጣ፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በድንቹ ውስጥ ካሉት ጋር ጎን ለጎን ይነበቡ። ረድፉ በሌለበት ዘመን እኔ በቅጹ ኅዳግ ላይ በእስክሪብቶ እጽፈው ነበር፤ በአዛውንቱ ገበሬ ቅጽ ላይም «በዝናብ የተነቀለ፣ በሸራ የታፈነ» ብዬ ጽፌያለሁ።